ኬክ ሻጩ ድርጅት ኮምፒውተር ሲሰራ

የአንድን የንግድ ድርጅት የቢሮ ስራ በየሳምንቱ ሳያቋርጥ ማከናወን የጀመረው የመጀመሪያው ኮምፒውተር የማን ይመስላችኋል? አይቢኤም ብላችሁ ከገመታችሁ አይደለም። የባንክም፣ የጦር ሰራዊትም አይደለም። ጄ. ላዮንስ የሚባል ሻይና ኬክ የሚሸጥ የእንግሊዝ ድርጅት ነው! ኮምፒውተሩን ከሌላ አልገዛም፤ ራሱ ነው የሰራው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬክ ቤት ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል? ላዮንስ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ብዙ ሻይ ቤቶች ነበሩት። ከአንድ ስኒ ሻይ የሚገኘው ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ትዕዛዙን ለመመዝገብና ሂሳቡን ለመያዝ የሚወጣው ወጪ ትንሽ ከፍ ካለ ትርፉ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ በ1923 ጆን ሲመንስ የሚባል ከካምብሪጅ የወጣ የሂሳብ ሰው ቀጠሩ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የቢሮ አሰራርን ብቻ የሚያጠና ክፍል አቋቋሙ። የክፍሉ ሰዎች ስራቸው መጠየቅ ነበር፦ ይህን ቅጽ ማን ይሞላዋል? ማን ያነበዋል? ባይኖርስ ምን ይጎድላል? ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ኮምፒውተር የሚባል ነገር ገና የለም።

በ1947 ሁለት የላዮንስ ኃላፊዎች አዳዲስ የቢሮ አሰራሮችን ለማየት አሜሪካ ሄዱ። እዚያ ያገኙት ኸርማን ጎልድስታይን የተባለ ምሁር፣ እዚያው አገራቸው ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሞሪስ ዊልክስ ኮምፒውተር እየሰራ መሆኑን ነገራቸው። ላዮንስ ለዊልክስ ፕሮጀክት ገንዘብና አንድ ባለሙያ ሰጠ። በ1949 የካምብሪጁ ማሽን ሲሰራ አዩና የራሳቸውን ጀመሩ፤ ስሙንም ሊዮ አሉት።

እኛ ኢንጂነሮች እዚህ ጋ ስንደርስ ቫልቭ መቁጠር ይቀናናል። እውነትም ያስደንቃል፦ በሺዎች የሚቆጠሩ ቫልቮች፣ ሜርኩሪ በተሞሉ ቱቦዎች ውስጥ በድምፅ ሞገድ የሚመላለስ ሜሞሪ። መጠኑ ታዲያ ከ5 ኪሎባይት በታች ነበር፤ በስልካችሁ ያነሳችሁትን አንድ ፎቶ እንኳ አይችልም። ግን ለእኔ ትልቁ ነገር ማሽኑ አይደለም።

ሊዮ በ1951 ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የዳቦና የኬክ ምርትን ዋጋ በየሳምንቱ ማስላት ጀመረ። ስራውን ለማሽኑ የሚያዘጋጀውን ቡድን የሚመራው ዴቪድ ካሚነር ነበር። ካሚነር ኮድ ከመጻፉ በፊት ስራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፍሎውቻርት እንዲሳል ያዛል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይፈትሻል። የገባው ቁጥር ስህተት ቢሆንስ? ማሽኑ መሃል ላይ ቢቆምስ? የዚህ ሁሉ መልስ ቀድሞ መታሰብ አለበት። በ1954 ፔሮል ሲጀምሩም ዝም ብለው አልገቡበትም፤ መጀመሪያ ከሂሳብ ሰራተኞቹ ጎን ለጎን አስኬዱት። ልምድ ያለው ሰራተኛ የአንድን ሰው ደመወዝ ለማስላት 8 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ ሊዮ በ1.5 ሰከንድ ጨረሰው።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የሻይ ቤቶቹ ትዕዛዝ ነው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እያንዳንዷ የሻይ ቤት ኃላፊ በየቀኑ ለነገ የሚያስፈልጋትን ኬክ፣ ዳቦ፣ ፓይ፣ ሁሉንም በዝርዝር ታዛለች። ቸኩሎ የሚሰራ ሰው ያንኑ ረጅም ቅጽ ወስዶ ወደ ኮምፒውተር ያስገባዋል። ቅጹ ያው፣ ልፋቱ ያው፤ በዚያ ላይ ሁሉንም ወደ ካርድ የሚያስገባ ሰራተኛ ሊቀጠር ነው።

የካሚነር ሰዎች ግን ሌላ ነገር ጠየቁ፦ የዚህ ማክሰኞ ትዕዛዝ ካለፈው ማክሰኞ ምን ያህል ይለያል? ብዙም አይለይም። የሰፈራችሁ ባለሱቅ ዳቦ ሲያስመጣ ሁሌ ዝርዝር ይጽፋል እንዴ? «እንደተለመደው፣ ሃያ ጨምርበት» ነው የሚለው። እነሱም እንደዚያው አደረጉ። ለእያንዳንዱ ሻይ ቤት ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን ቋሚ ትዕዛዝ ተቀመጠ። ኃላፊዋ በስልክ የምትናገረው ለውጡን ብቻ ነው፤ ስልኩን የምታነሳው ሰራተኛ እየሰማች ወዲያው ካርድ ላይ ትበሳዋለች። ከዚያ ሊዮ ስንት ኬክ እንደሚጋገርና ለየትኛው ሻይ ቤት ምን እንደሚላክ አስልቶ ያትማል። ይህ መፍትሄ ከፈጣን ማሽን አይመጣም፤ ስራውን ቁጭ ብሎ ከማጥናት ነው የመጣው።

በኋላ ይህ ልማድ በመጽሐፍ ተጻፈ። በ1970ዎቹ እነ ቶም ዲማርኮ ዳታ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በክብና በቀስት የሚያሳይ ስዕል አስፋፉ። ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? ፕሮግራም የማያውቀው የሂሳብ ሰራተኛ ስዕሉን አይቶ «ይሄ ቀስት ልክ አይደለም» ማለት ይችላል። በ1980ዎቹ የእንግሊዝ መንግሥት ኤስኤስኤዲኤም የተባለውን ዘዴ ለራሱ ፕሮጀክቶች ደነገገ። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ተበላሸ፤ ዘዴው ደረጃና ሰነድ በዛበት፣ ወረቀቱን መሙላት ራሱ ስራ ሆነ። ዛሬ ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች «ዘዴ» ሲባሉ ፊታቸውን የሚያጨማድዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ግን ዘዴን ጨርሶ መተው ምን እንደሚያስከትል ያው ለንደን በ1992 አሳይታለች። የከተማዋ አምቡላንስ አገልግሎት መኪኖችን የሚያሰማራ አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም ኦክቶበር 26 ላይ አስጀመረ። ሲስተሙ መኪኖቹ የት እንዳሉ በትክክል ማወቅ አቃተው፤ ለአንድ ጥሪ ሁለት አምቡላንስ ይላካል፣ ሌላው ይጠብቃል። በማግስቱ በከፊል ወደ ድሮው አሰራር ተመለሱ። በኋላ የወጣው የምርመራ ሪፖርት ሲስተሙ በበቂ እንዳልተፈተሸና ሰራተኞቹ በሚገባ እንዳልሰለጠኑ አረጋገጠ።

ኖቬምበር 4 ላይ ደግሞ ሲስተሙ ጨርሶ ቆመ። ምክንያቱ አንድ ፕሮግራመር ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ትቶት የሄደ ቁራጭ ኮድ ነበር፤ መኪና በተሰማራ ቁጥር ጥቂት ሜሞሪ ይይዝና አይለቅም። ሜሞሪው አለቀ፣ ሰራተኞቹም እስክሪብቶና ወረቀት አነሱ።