ከኃጢአት ነጻ መውጣትና ዕለት ዕለት ንስሐ መግባት

ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ትምህርቶችን አስቀምጧል። በምዕራፍ 1፥8 ኃጢአት የለብኝም የሚል ሰው ራሱን እንደሚያስት ይናገራል፤ በምዕራፍ 3፥9 ደግሞ ከእግዚአብሔር የተወለደ ኃጢአትን እንደማያደርግ ያስተምራል። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 6 ለኃጢአት መሞታችንን፣ በምዕራፍ 7 ደግሞ የሚጠላውን ክፋት ስለሚሠራ ሰው ጽፏል። በ40 እና በ80 ቀን ተጠምቀን የእግዚአብሔር ልጆች ከሆንን በኋላ ስንወድቅ ልጅነታችን ከንቱ ሆነ ማለት ነውን?

የንባቡ ምሥጢር

መልሱን ራሱ ሐዋርያው ይሰጠናል። በምዕራፍ 2፥1-2 ‹ልጆቼ› የሚላቸውን ምእመናን ኃጢአትን እንዳያደርጉ ይመክራል፤ ቢበድሉ ግን የኃጢአታችን ማስተስረያ ክርስቶስ መሆኑን ያስታውሳቸዋል። ስለዚህ በ3፥9 የተነገረው ኃጢአትን ልማዱ አድርጎ፣ ወድዶና ፈቅዶ ስለሚኖርባት ሰው ነው። መልእክቱ በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋም የዚህ ቃል አገባብ የማያቋርጥ ድርጊትን ሊያመለክት ይችላል። ምክንያቱንም ሐዋርያው የእግዚአብሔር ዘር በምእመኑ ስለሚኖር ነው ይላል።

ከቡናው ማሳ የምንማረው

ይህን በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ቡና የሚያለሙ ምእመናን በቀላሉ ይረዱታል። ችግኝ ሥር ሲሰድ ‹ጸደቀ› እንላለን። የጸደቀ ቡና ግን አረም አይበቅልበትም አንልም፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር አረሙ ይነሣል። አረም በቀለ ብሎ ቡናውን የሚነቅል ገበሬ የለም፤ ጸድቋልና አያስፈልገውም ብሎ ማረሙን የሚተውም ምርቱን ያጣል። ያረጀውም ቡና ሲጎነደል ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። በጸሎተ ሃይማኖት እንደምንመሰክረው ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ንስሐ ግን እስከ ዕለተ ሞት ትቀጥላለች። ተስፋ መቁረጥ ተክሉን መንቀል ነው፤ ትዕቢት ደግሞ ማሳውን ለአረም መተው ነው።

በተግባር

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ሲገባ ብዙዎች በቡና ለቀማ ላይ ናቸው። ሥራ በዝቶብኛል በማለት ወደ ንስሐ አባት መሄድን ለሌላ ጊዜ ማሳደር የሚቀልለው ያን ጊዜ ነው። ሆኖም እሸት ቡና ሲመዘን ሚዛን ማሳሳት፣ የለቃሚውን ደመወዝ ማስቀረት የሚፈትነውም በዚያው ወቅት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ያወግዛል (ምሳ. 11፥1፤ ያዕ. 5፥4)። እንዲህ ያለ በደል የፈጸመ ሰው ተናዝዞ ቀኖናውን ሲቀበል፣ ዘኬዎስ እንዳደረገው (ሉቃ. 19፥8) የወሰደውንም ለባለቤቱ ሊመልስ ይገባዋል። ከዚያም በካህኑ ምክር ተዘጋጅቶ ወደ ቅዱስ ቍርባን ይቅረብ።

ከኃጢአት ነጻ መውጣታችን የሚታወቀው ፈጽሞ ባለመውደቃችን ሳይሆን፣ ወድቀን ለመቅረት ባለመፍቀዳችን ነው። ስለዚህ ምርቱ እስኪገባ ሳንጠብቅ ዛሬውኑ ንስሐ እንግባ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር