በዛፍ ላይ የሚያድረው እንግዳ

እኛ በላስታ ተራራዎች ያደግን ተማሪዎች ጽድንና ወይራን እናውቃለን እንጂ፣ ሥሩን በመሬት ሳይተክል በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚኖረው ኦርኪድ ስለሚባለው አበባ ብዙ አንነጋገርም። ይህ አበባ እንደ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ የሚመጥ አይደለም፤ ዛፉ ማደሪያው ብቻ ሲሆን ውሃውን ከዝናብና ከጉም ያገኛል። ሰው ይህን እንግዳ በቤቱ ማሳደግን የተማረው ከብዙ ጥፋት በኋላ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዞች ኦርኪድን ከሩቅ አገር በመርከብ እያስመጡ፣ የቆላውን ከደጋው ሳይለዩ በእሳት በሚሞቅ የተዘጋ የመስተዋት ቤት ያኖሩት ነበር። ሊንድሌይ የተባለው የዕጽዋት ሊቅም በ1830 ሙቀትና እርጥበት እንዲበዛ መከረ። የቆላዎቹ ሲለመልሙ የተራራዎቹ ታፍነው ሞቱ። በኋላ በቻትስዎርዝ የአትክልት ኀላፊ የነበረው ጆሴፍ ፓክስተን እንደ ትውልድ አገራቸው በተለያየ ሙቀት ለያይቶ፣ ነፋስም እንዲያገኙ አደረገ፤ ጥፋቱም ቀነሰ።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ስለ ኢትዮጵያ ዕጽዋት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዛሬ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለውን፣ መዓዛው በማታ የሚበረታውን ነጭ ኦርኪድ ገለጸ። ለዚህ መጽሐፍ ዕጽዋት ከሰበሰቡት ፈረንሳውያን መካከል ካርተን ዲሎን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፤ ፔቲንም በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ዕውቀት በነፍስ ዋጋ ተገዛች ማለት ነው።

እንግዲህ ሞቃትና እርጥብ ቤት ያለው ሰው በውበት ብቻ አይምረጥ፤ አበባው ከየትኛው ከፍታ እንደ መጣ አስቀድሞ ይጠይቅ። የእስያ ቆላ ተወላጅ የሆነው ፋላኖፕሲስና የሜክሲኮው ቫኒላ ሙቀቱን ይወዳሉ። የተራራው ኦርኪድ ግን ሌሊቱ ካልቀዘቀዘለት ይከሳል። በዛፍ ላይ የሚኖረው ሥሩ አየር ስለሚሻ በቅርፊት ላይ ይታሰራል እንጂ በአፈር አይቀበርም።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ በጋዋ ረዥምና ደረቅ፣ ሌሊቷም ቀዝቃዛ ናት። ስለዚህ ከከፋ ደን ኦርኪድ ከነቅርንጫፉ ቆርጦ ወደዚህ ማምጣት ሁለት ጥፋት ነው፤ ደኑ ይጐዳል፣ አበባውም ይሞታል። በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ ያለው የጽድ ደን እስከ ዛሬ የቆየው የሚጠብቀው ስላገኘ ነው። የከፋው ደንም እንዲሁ ጠባቂ ይሻል፤ ዛፉ ሲወድቅ እንግዳው ማደሪያ ያጣልና። እንግዳን በደንብ የሚያስተናግድ፣ የእንግዳውን አገር ጠባይ ያወቀ ነው።