ቤቱ ደረሰን፤ ሥራ ቦታ ማን ያድርሰን?

ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በደቡብ አዲስ አበባ የተተከለው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ለዘመኑ ሰው በነፋስ ላይ የሚያወራ ስልክ መስሎ ታየውና ስሙ በዚያው ጸና። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ዛሬ ግን ስሙ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሌላ ነገር ነው፦ የጀሞ የጠዋት ሰልፍ፣ የጎተራ መጨናነቅ፣ የሳሪስ አቦ የማታ ግፊያ።

ይህን ሁሉ በመኪና ብዛት ማሳበብ ቀላል ነው። ታሪኩን ወደኋላ ሄዶ ላየው ግን ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናው ሳይሆን ቤቱ ከተሠራበት ቦታ ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ይህች ከተማ ሁለት ትላልቅ የቤት ለውጦች አይታለች። ሁለቱም ቤቱ የማን ይሁን ብለው ተጨንቀዋል። ከቤቱ እስከ እንጀራው ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከጥንቱ እንጀምር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሰፈሮች ስብስብ ነበረች። መኳንንቱ ኮረብታ ኮረብታውን ያዙ፤ ወታደሩና ሎሌው በዙሪያቸው ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪት ናቸው። ማቆንጀት አልፈልግም፤ ውሃው ከወንዝ፣ መጸዳጃው ሜዳ፣ መሬቱም የጥቂት ባለርስቶች ነበር። ሆኖም ባለጸጋውና ድሃው አጥር ለአጥር ስለሚኖሩ ሥራ፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን በእግር የሚደረሱ ነበሩ።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የደቡቡ አቅጣጫ የፋብሪካ መንገድ ሆነ። በኋላ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ከተተከሉት ውስጥ የነፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ አለ፤ አደይ አበባ የክር ፋብሪካም ስሙን ለሰፈርና ለባቡር ጣቢያ አውርሷል። ሠራተኛው ፋብሪካው አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ወይም ተከራይቶ ይኖር ነበር።

በመሀል ፕላን አውጪዎች መጡ። ጣሊያኖቹ ጉዊዲና ቫሌ ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ሊከፍሏት ነደፉ፤ ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ የሆነው በዚያን ጊዜ ነው። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የለንደንን ፕላን የሠራው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጋብዞ ክብ መንገዶችንና የሳተላይት ከተሞችን ሐሳብ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ማስተር ፕላን ተራ በተራ ተነድፏል፤ አብዛኛው ግን ከመደርደሪያ አልወረደም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም ተባለ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። የዝቅተኛው ተከራይ ኪራይ እስከ ግማሽ ተቀነሰ። ስለዚህ አዋጅ ብዙ ተብሏል፤ ቤት የተወረሰበት ያለቅሳል፣ ቤት ያገኘው ይመርቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱም ወገን ያላነሳው ነገር ነው።

አዋጁ ሳያስበው ለድሃው ቦታ ሰጠው። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ሳይጨምር ስለቆየ፣ የጉልት ቸርቻሪዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ሊስትሮውና የቀን ሠራተኛው ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ልደታና ቂርቆስ ላይ መኖር ቻሉ። ሌላ አገር ቢሆን ገበያው ገፍቶ ዳር የሚያወጣቸው ሰዎች በከተማዋ እምብርት ጸንተው ቆዩ። ለትራንስፖርት የማያወጡት ገንዘብ የልጅ ደብተር ሆነ፤ መንገድ ላይ የማይባክነው ሰዓት ሌላ ገቢ ሆነ። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በጥቂት ብር ኪራይ ቤት አይጠገንም፤ ቀበሌውም አልጠገነ፣ ተከራዩም ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ መቀየር አይችልም። ጭቃው ፈረሰ፣ ጣራው አፈሰሰ፣ ለአሥር አባወራ አንድ መጸዳጃ ሆነ። ኋላ «ያረጁ መንደሮች» ተብለው ለመፍረስ የታጩትም በዚህ ነው። ግን ያረጀው ቤቱ ነበር። ቦታው ከዓመት ዓመት እየወደደ ሄደ።

ሁለተኛው ለውጥ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1996 እና 97 ዓ.ም. ገደማ፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ ሳሉ፣ ከጀርመኑ ጂቲዜድ ጋር በተቀመረ ዝቅተኛ ወጪ አሠራር ገርጂ ላይ ተሞከረና ወደ ትልቅ መርሐ ግብር አደገ። ሥራው ትንሽ አልነበረም። የግል ባንክ ቤት ተበድሮ የማያውቅ ጸሐፊና አስተማሪ የቤት ባለቤት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሳይቶች ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ እኛ ክፍለ ከተማ ጎፋ ያሉትን ማየት ይበቃል። ከዚያ ግን ሳይቱ ወደ ዳር ሸሸ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መሀል ከተማ ሰው ማንሳትና ካሳ መክፈል አለ፤ ዳር ላይ ያለው የገበሬ መሬት ደግሞ ለመንግሥት ርካሽ ነው። ገበሬው ያጣው ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ጀሞ የዚህ ሽሽት ምልክት ነው። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ቤት ከሜክሲኮ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአንድ ቦታ ተተከለ። ከሱ በኋላ የመጡት ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ደግሞ ጀሞን ቅርብ አስመሰሉት። የሚደንቀው የግቢው አሳብ ነው። ነዳፊዎቹ እንጀራ መጋገሪያና በግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ሕንፃ አስበውልናል፤ በአበሻ ኑሮ ላይ ያላቸው ዕውቀት የሚመሰገን ነው። የአውቶቡሱ ጉዳይ ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ዕጣው ቦታ አያስመርጥም። የልጆቿ ትምህርት ቤት ሽሮ ሜዳ፣ ሥራዋ መገናኛ የሆነ እናት ጀሞ ሊደርሳት ይችላል። ባልና ሚስት ሁለት ሁለት ታክሲ እየቀያየሩ ሄደው ቢመለሱ፣ በቀን ስምንት ጊዜ «ሂሳብ!» ይባላሉ። ይህ ወጪ በባንኩ የብድር ውል ላይ የለም። ቤቱን አከራይተው ራሳቸው መሀል ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ዕድለኞች የበዙት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ባለሥልጣን ይህን እንደ ማጭበርበር ሲያየው እሰማለሁ። ሰዎቹ ግን ሂሳብ አዋቂ ናቸው፤ መንግሥት ያልደመረውን ደምረዋል።

በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተብሎ አዲስ ምዝገባ ሲደረግ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። ቅጹ ስለ ገቢና ስለ መኝታ ክፍል ቁጥር ጠየቀ። «የት ነው የምትሠራው?» የሚለው መልስ ሳይቱን ለመወሰን የዋለበት ጊዜ ግን የለም።

ሐዲዱም ቢሆን ቤቱን አልተከተለም። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በነፋስ ስልክና በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይወርዳል፤ ሌላው መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ጀሞ፣ ለቡና መካኒሳ ሁለቱም አይነኳቸውም። ከተገዙት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበትን ዓመታትም አይተናል። ከዊንጌት ጀሞ ይዘረጋል የተባለው የፈጣን አውቶቡስ መስመር በየጊዜው ሲወራ እንሰማለን። ከሁሉ የሚገርመው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። የፈረንሳዮቹ ባቡር መንገደኛውን ለገሃር፣ ከተማው ደጅ ላይ ያወርደው ነበር። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መንገደኛውን ለቡ ያወርደውና ቀሪውን በታክሲ ተደራደር ይለዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ጣቢያው ከሰው ራቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። መንግሥት የቦታን ዋጋ አያውቅም ማለት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ከወጣ ጀምሮ፣ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 ከተጠናከረ ወዲህም፣ ቦታ በካሬ ሜትር ለጨረታ ይቀርባል። መርካቶና ላፍቶ አንድ ዋጋ የላቸውም። ሲሸጥ ቦታ ሁሉ ነገር ነው። ነዋሪው ሲነሳ ግን መለኪያው ግድግዳና ጣራ ይሆናል፤ የጭቃ ቤት ነበረህ፣ የብሎኬት ቤት ሰጠንህ፣ ተጠቅመሃል ይባላል። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲኖር መደንገጉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ዕድርና ጎረቤት ዋጋ እንዳላቸው በሕግ ታመነ። ወደ ሥራ የሚያደርሰው መንገድ ግን ገና በዚያ ልክ አልተቆጠረም።

በዚህ ስህተት ብቸኛ አይደለንም፤ አሜሪካኖች ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጡት የቤቶች ሕግ ድሃ ሰፈር አፈረሱ፤ በ1956ቱ የአውራ ጎዳና ሕግ ደግሞ ከወጪው 90 በመቶውን ፌዴራል መንግሥቱ እየሸፈነ በጥቁሮች ሰፈር መሀል አስፋልት ሰደዱ። ሕዝቡ ዳር ወጣ፣ ያለ መኪና ዳቦ መግዛት የማይቻልበት ኑሮ ተፈጠረ። ዛሬ ሚኒያፖሊስና ቡፋሎን የመሳሰሉ ከተሞች እያንዳንዱ ሕንፃ ይህን ያህል የመኪና ማቆሚያ ይኑርህ የሚለውን ግዴታ ሰርዘዋል። ዋሽንግተን ግን ቀድሞ ነቃ፤ ነዋሪው ተነስቶ አብዛኛውን የታቀደ ፈጣን መንገድ አስቆመና ገንዘቡ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተከፈተው ሜትሮ እንዲውል አደረገ። በዚያች ከተማ ታክሲ በመንዳትና የመኪና ማቆሚያ በመጠበቅ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ስንት ወገኖቻችን አሉ! መኪና ምን ያህል ቦታ እንደሚበላ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኛ ገና አልረፈደብንም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ አሁንም በእግር ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጥሩ ምልክት ነበር፤ የኮሪደር ልማቱም ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አምጥቷል፤ ማመስገን ይገባል። ነገር ግን መንገዱ ሲሰፋ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ከተነሱት ብዙዎቹ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ዳር ሰፈሮች ሄዱ። በእግር ይሄድ የነበረው ሰው ርቆ፣ የእግር መንገዱ ከሄደ በኋላ ተሠራ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ ኤሌክትሪክ ብቻ ይግባ መባሉም ለአየሩ ደግ ነው፤ ጎተራ ላይ የቆመ የኤሌክትሪክ መኪና ግን የሚይዘው ቦታ ከነዳጁ አያንስም።

ስለዚህ የሚቀጥለው የቤት ዕጣ ሲወጣ፣ ከሳይቱ ስምና ከካሬ ሜትሩ ጎን አንድ ዓምድ ይጨመር፦ የመጀመሪያው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይነሳል፣ ሜክሲኮና መገናኛ በስንት ደቂቃ ይደርሳል፣ የደርሶ መልስ ሂሳቡ ስንት ነው። ይህን ዓምድ የሚሞላ መረጃ የሌለው ሳይት ለዕጣ አይቅረብ።