የውጫሌ ውል በክፍል ውስጥ፤ የአገርን ታሪክ ከዋናው ጽሑፍ ስለ ማስተማር

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ ውጫሌ ውል ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ አይደናገርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. መፈረሙን፥ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ መለያየቱን፥ ከዚያም ጠብ የዐድዋ ጦርነት መምጣቱን በቃሉ ይወጣዋል። ዳሩ ግን «የተለያየው ቃል የትኛው ነው?» ሲባል ዝም ይላል። ዝምታው ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ፍርዱን ተነገረው እንጂ ክርክሩ የተነሣበትን ጽሑፍ ማንም አላሳየውም።

ጽሑፉ ግን ከባድ አይደለም። ውሉ በጠቅላላው 20 አንቀጽ ሲሆን፥ የ17ኛው የአማርኛ ቃል ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው «ይቻላቸዋል» በሚለው ማሰሪያ ግስ ላይ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ሊላላኩ ቢወዱ ይችላሉ ማለት ነው። በኢጣልያንኛው በዚያው ቦታ የቆመው «ኮንሴንቴ» የሚል ቃል ነው፤ ፍችውም ተስማምተዋል፥ እሺ ብለዋል ነው። ክሪስፒ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ለኤውሮፓ መንግሥታት ሲያስታውቅ ይህን እሺታ እንደ ግዴታ ቈጥሮ ኢትዮጵያን በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ያለች አገር አስመሰላት። ተማሪው በዚህ ሳይወሰን ወደ 19ኛው አንቀጽ ቢወርድ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የተስማሙ መሆናቸውንና እኩል ሥልጣን እንዳላቸው የሚናገር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ክርክር ጽኑ መሠረት ያገኘው ከዚህ ነው፤ በዚህ አንቀጽ መሠረት አማርኛው የኢጣልያንኛው ትርጉም አይደለምና።

በክፍል ውስጥ ሥራው በቅደም ተከተል ቢሄድ ይበጃል። አስቀድሞ የአማርኛው ቃል ብቻ ይሰጥና ተማሪዎቹ ምን ግዴታ እንዳለበት ይጠየቃሉ፤ ምንም አያገኙበትም። ቀጥሎ የኢጣልያንኛው ፍች ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ምኒልክ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥትና ለጀርመን ንጉሠ ነገሥት በቀጥታ የላኳቸው ደብዳቤዎች ይነበባሉ። በኢጣልያ በኩል መላላክ ግዴታዬ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጽፋልን? የቪክቶሪያ መልስ የደብዳቤዎቹ ግልባጭ ለኢጣልያ መንግሥት እንደሚተላለፍ ሲያስታውቅ ነገሩ ተገለጠ፤ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ የሁለቱ ቋንቋዎች ቃል አለመስማማቱን ጻፉ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት አስታወቁ። ተማሪው ይህን ሁሉ ከቀኖቹ ጋር ሲደረድር የመርማሪ ዳኛን ሥራ ይሠራል። ሊቃውንትም ቢሆኑ ነገሩን አልዘጉትም። ስቬን ሩበንሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ አንቀጽ የጻፈውን ካርሎ ጂሊዮ በማግሥቱ ዓመት ተከራክሮታል፥ ሩበንሰንም መልሶለታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ተማሪው የምኒልክን ቃል ቢያገኝ እንኳ የሚያገኘው ተተርጕሞ ነው። በትርጉም ምክንያት ስለ ተነሣ ጦርነት በትርጉም መማር እንግዳ ነገር ነው። እርግጥ አማርኛ ለብዙዎቹ ተማሪዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም፤ ቢሆንም ዋናውን ጽሑፍ ከትርጉሙ ጎን አኑሮ ቃል በቃል ማስተያየት ለእነዚህም የሚከብድ አይሆንም፤ ምናልባትም ሁለት ቋንቋ መመዘን የለመደ ልጅ ይቀድም ይሆናል።

የመምህሩ ፈተና ግን 17ኛው አንቀጽ ሳይሆን 3ኛው ነው። ይህ አንቀጽ ወሰኑን ሲከልል አራፋሊን፥ ሐላይን፥ ሰገነይቲንና አሥመራን በኢጣልያ በኩል ያደርጋቸዋል። ውሉ የተፈረመው ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው፤ የከብት እልቂቱም አገሩን ይዞት ነበር፤ ራስ መንገሻም በትግራይ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሊነገር ይገባል፤ ነገር ግን ነገሩን የሚያስረዳ እንጂ አንቀጹን የሚሰርዝ አይደለም። 17ኛውን አሳይቶ 3ኛውን የሚሸሽግ መምህር ተማሪዎቹን ወደ ቃል አጥኚነት ይመልሳቸዋል፤ አንድ ቀን ውሉን በሙሉ ያነበበ ተማሪም የተነገረውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ቢከራከሩ፥ እንዲያውም ቢቈጡ፥ ትምህርቱ ተበላሸ አይባልም።

የነገሥታት ዜና መዋዕልም እንዲሁ ያገለግላል። ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በአማርኛ ስለ ጻፉ ግእዝ ላልተማረ ልጅ ይነበባሉ፤ አንዱ አወዳሽ፥ ሁለተኛው ወቃሽነት የሚታይበት በመሆኑ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማን ለማን እንደሚጽፍ ይታወቃል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1967 እ.ኤ.አ. ከዜና መዋዕሎች መርጦ ያሳተመው መጽሐፍና ሩበንሰን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቸው የደብዳቤ ስብስቦች ለመምህሩ ስንቅ ናቸው። ምርጫ ብቻ የሚጠይቀው አገር አቀፍ ፈተና ግን ይህን ድካም አይመዝንም፤ ስለዚህ ጊዜ የሚጠበው መምህር ሁሉን ልሥራ ባይል ይሻላል። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሰነድ በደንብ የተነበበ እንደ ሆነ ይበቃል።

ለውጫሌ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ በሁለት ዓምድ 17ኛው፥ ከሥሩ 19ኛውና 3ኛው። ለማግሥቱ ደግሞ ከዐድዋ በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውና የውጫሌን ውል የሻረው የሰላም ውል ይታደላል። የተጻፈውም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ ኢጣልያንኛ ለምን እንደ ቀረ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ።