የውስጥ አርበኞችና የቁልቋል በር ምሽግ

ከእንፍራንዝ ብዙም የማይርቀው ቁልቋል በር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ የሚቆጣጠር መተላለፊያ በመሆኑ፣ የኢጣልያ ጦር ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ድል እስከሆነበት ዕለት ድረስ አጥብቆ የተከላከለው ምሽግ ነበር፤ ከስድስት ቀን በኋላም የኢጣልያው አዛዥ ጄኔራል ናሲ በጎንደር እጁን ሰጠ። ፍልሚያውን የፈጸሙት የእንግሊዝ ጦርና አርበኞች ቢሆኑም፣ ወራሪው ገጠሩን ሳይገዛ አምስት ዓመት በምሽግ ተወስኖ መቆየቱ ያለ ውስጥ አርበኞች አይታሰብም። ውስጥ አርበኛ የሚባለው በጠላት ከተማ ተቀምጦ፣ አንዳንዴም በጠላት መሥሪያ ቤት እየሠራ፣ በዱር ላለው ተዋጊ ወሬ፣ ጥይትና መድኃኒት በስውር የሚልክ ሰው ነው። አውሮፕላንም ሬዲዮም ለሌለው አርበኛ፣ የጠላት ጦር መቼና በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማወቅ ከመድፍ የማያንስ ኃይል ነበር፤ ባንዳ፣ ማለትም ለጠላት ያደረ ወገን፣ በተቃራኒው ይሰልል ስለነበር የምስጢሩ ዋጋ ሕይወት ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ተይዘው ተገርፈዋል፣ ኢጣልያም ተግዘዋል፤ ሲመለሱ ግን ትግሉን ቀጠሉ። በ1888 ዓ.ም. ባሻ አውዓሎም የኢጣልያውን አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪን በሐሰተኛ ወሬ ያሳሳቱበት የዐድዋ ስለላ የታወቀውን ያህል፣ የውስጥ አርበኞች ድርሻ ገና በሚገባ አልተጻፈም።