የመስታወት ክር ለምን ይደክማል?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ፋይበር ግላስ ታሪክ ትንሽ ላውጋችሁ። ሸዋ ሮቢት የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ናትና ነገሩ ለእኛ ባዳ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ የተሰበረ የመኪና አካል በ«ፋይበር» ሲጠገን ያየ፣ ያንን ነጭ ጨርቅ ያውቀዋል። መስታወት ነው፤ ቀልጦ፣ ከፀጉር ቀጥኖ ተስቦ፣ በሙጫ የሚጠነክር።

ተሰባሪው መስታወት ክር ሲሆን እንዴት ጠነከረ? መልሱን እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ ነው። መስታወትን የሚሰብረው ዓይን የማያየው ስንጥቅ ነው፤ ክሩ በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ትልቅ ስንጥቅ የሚያድርበት ቦታ ያጣል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ምርቱ ወደ ፋብሪካ ገባ፤ ኦወንስ ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያም በ1938 ተቋቋመ።

ክሩ ከጀልባ እስከ ነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ ድረስ ዘለቀ። እኛም ጋ ደረሰ። አዳማ አንድ 34፣ በግንቦት 2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይን አላቸው። እያንዳንዱ ሦስት ክንፍ አለው፤ ደምሩት፣ 408 ክንፍ! የአንድ ክንፍ ዕድሜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 20 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያስ የት ይጣላል?

ሙጫውን አቃጥሎ ክሩን ማውጣት ይቻላል። ችግሩ እሳቱ ነው። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያወጡት ክር ግማሽ ያህል ጥንካሬውን አጥቶ ተገኘ። አዲሱ ክር ርካሽ ስለሆነ ደካማውን ማን ይገዛል?

መፍትሔው የመጣው ወደ ግሪፊዝ በመመለስ ነው። ግላስጎው ያለው የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የደከመውን ክር በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ነከረው፤ አዎ፣ ያው ሳሙና የሚሠራበት። ኬሚካሉ የክሩን ስስ የላይ ሽፋን ከነስንጥቁ ያሟሟል፣ ጥንካሬውም በደንብ ያንሠራራል። ከዚያ ክሩን ከሙጫ ጋር የሚያዋድድ አዲስ ቅባት ይቀባል። ነገር ግን መንከሩ ከበዛ ክሩ ራሱ ያልቃል፤ ልኩን ማወቅ ነው ሙያው።

ሌላም መንገድ አለ። ጀርመኖች ክንፉን ፈጭተው ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሰጡታል፤ ሙጫው ማገዶ፣ መስታወቱ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። በእኛው ሰሜን ሸዋ፣ ለሚ ላይም ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ይህ መንገድ ቀላል ነው፤ ክሩ ግን ክር መሆኑ ያበቃል።

እኔ የምለው፦ ክንፎቹ ሳይወርዱ ከወዲሁ እንምረጥ። ኬሚስትሪና ምሕንድስና ያጠናችሁ ልጆቼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ ይህችን አስቧት። የሚያስፈልገው ምድጃ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ የክርን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያና ትዕግሥት ነው። እስቲ ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ።