መምህሩ ርእሰ ብሔር፤ የሕንዱ ዶክተር ዛኪር ሁሴን



የአንድ ሕዝብ የነጻነት ታሪክ በሚተረክበት ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠሩት በሸንጎ የተከራከሩት፣ በወኅኒ የታሰሩትና በአደባባይ የተሰለፉት ሰዎች ናቸው። ይህም የሚገባቸው ክብር ነው። ዳሩ ግን ነጻነት ከመገኘቱ በፊት፣ ነጻ የሚወጣውን ትውልድ በትምህርት ሲያዘጋጁ የኖሩ ሌሎች ሰዎች አሉ። ዛሬ ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ዶክተር ዛኪር ሁሴን ከነዚህ አንዱ ነበሩ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዛኪር ሁሴን በ1897 ዓ.ም. በሃይደራባድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጃቸው ዐሥር ዓመት ሲሆነው ዐረፉ። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ እናታቸው በወረርሽኝ በሽታ ሞቱ። ወላጅ የሌለው ይህ ልጅ በኢታዋ ተማሪ ቤት፣ ቀጥሎም ስሙ በሕንድ እስላሞች ዘንድ ገናና በነበረው በአሊጋር ኮሌጅ ተማረ።

በ1920 ዓ.ም. ማሕትማ ጋንዲ ሕዝቡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በማናቸውም ሥራ እንዳይተባበር ጥሪ ባደረጉ ጊዜ፣ ጥሪው ለአሊጋርም ደረሰ። ኮሌጁ የመንግሥትን የገንዘብ ርዳታ እንዲተው ቢጠየቅ እምቢ አለ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ መምህራንና ተማሪዎች ግቢውን ለቀው ወጡ፤ በኦክቶበር 29 ቀንም ጃሚያ ሚሊያ ኢስላሚያ የሚባለውን ብሔራዊ ተቋም መሠረቱ። የ23 ዓመቱ ዛኪር ሁሴን ከነዚህ መካከል ነበሩ። ኮሌጃቸውን ሲለቁ የተማረ ሰው ሊያገኘው የሚችለውን የመንግሥት ሹመትና ደመወዝ አብረው መልቀቃቸው እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ጥቂት ቆይተው ወደ ጀርመን አገር ሄዱ፤ በበርሊን ዩኒቨርሲቲም በኢኮኖሚ ትምህርት የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። እርሳቸው በዚያ ሳሉ የጃሚያ ኑሮ ተናጋ። ተቋሙ ይተዳደር የነበረው የቱርክን ኸሊፋ ለመደገፍ የተነሣው ንቅናቄ በሚሰጠው ገንዘብ ነበር፤ በ1924 ዓ.ም. ቱርክ ራስዋ ኸሊፋነትን በሻረች ጊዜ ግን ንቅናቄው ከሰመ፣ ገንዘቡም ነጠፈ። ተቋሙ ይዘጋ የሚል አሳብ መነሣቱን በርሊን ሆነው በሰሙ ጊዜ፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ከአቢድ ሁሴንና ከመሐመድ ሙጂብ ጋር ሆነው ዕድሜአቸውን ለዚህ ሥራ ስለሚሰጡ እስኪመለሱ ድረስ እንዳይዘጋ አሳሰቡ። በ1926 ዓ.ም. ተመልሰው፣ በ29 ዓመታቸው፣ ወደ ዴልሂ የተዛወረውን ይህን ባዶ እጁን የቀረ ተማሪ ቤት ተረከቡ።

ከዚህ በኋላ 22 ዓመት ሙሉ መሩት። እርሳቸውና የሥራ ጓደኞቻቸው በወር ከ150 ሩፒ የማይበልጥ ደመወዝ እየተቀበሉ 20 ዓመት ለማገልገል ቃል ገቡ፤ ካዝናው ባዶ ሲሆን ያንኑ እንኳ የማያገኙበት ጊዜ ነበር። በ1935 ዓ.ም. በኦክላ መንደር የአዲሱ ሕንጻ መሠረት በተጣለ ጊዜ፣ የመሠረቱን ድንጋይ እንዲያኖር የተመረጠው ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ ሳይሆን በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው ተማሪ ነበር። ተቋሙ ለማን እንደ ቆመ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምልክት ማግኘት ያስቸግራል።

በ1937 ዓ.ም. ማሕትማ ጋንዲ በዋርዳ ከተማ የትምህርት ጉባኤ ሰብስበው አዲስ የትምህርት ሥርዐት ሲያቅዱ፣ የዝርዝሩን ጥናት ለዛኪር ሁሴን ኮሚቴ ሰጡ። ኮሚቴው ሰባት ዓመት የሚፈጅ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥ፣ ለሁሉም ግዴታ የሆነ፣ በእናት ቋንቋ የሚካሄድና እንደ ፈትል፣ ሽመና፣ እርሻና አናጢነት ባለ የእጅ ሥራ ላይ የተመሠረተ ትምህርት እንዲቋቋም አሳሰበ። ጋንዲ ልጆቹ የሚሠሩት ዕቃ ተሽጦ የመምህሩን ደመወዝ እንዲሸፍን ተስፋ ያደርጉ ነበር። ዛኪር ሁሴን ግን ገቢው ዋና ዓላማ ከሆነ ተማሪ ቤቱ የሥራ ቦታ ብቻ ሆኖ ትምህርቱ ይረሳል ብለው ሠጉ፤ ኮሚቴውም ይህን አደጋ በዘገባው ውስጥ አስጠነቀቀ። የሚወዱትንና የሚያከብሩትን መሪ አሳብ ሳይፈሩ መመርመራቸው የመምህርነት ጠባያቸውን ያስረዳል። ዕቅዱም ቢሆን እንደ ታሰበው በመላው ሕንድ ሥር አልሰደደም።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው ግን በነጻነት ዋዜማ ነው። በኖቬምበር 1946 ዓ.ም. ጃሚያ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ እርስ በርሳቸው በብርቱ ይከራከሩ የነበሩት ኔህሩና ጂናህ በአንድ መድረክ ተቀመጡ። በከተሞች የሂንዱና የእስላም ደም ይፈስስ ነበር። ዛኪር ሁሴን በፊታቸው ቆመው እሳቱን ማን ለኮሰው ብሎ መጠያየቁ እንዲቆይ፣ መጀመሪያ ግን እንዲያጠፉት ለመኑ፤ ጥላቻ በሞላበት አገር ልጅን ማሳደግና ማስተማር እንደማይቻልም አስረዱ። ልመናው አልተሰማም። በሚከተለው ዓመት አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ እርሳቸውም ወደ ካሽሚር ሲጓዙ በጃላንደር ባቡር ጣቢያ በነውጠኞች እጅ ሊገደሉ ለጥቂት ተረፉ። ያዳኗቸውም የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ነበሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ተስፋ በቆረጠ ነበር። እርሳቸው ግን በ1948 ዓ.ም. አሊጋር ዩኒቨርሲቲን ለመምራት ተስማሙ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የፓኪስታንን መመሥረት ደግፈው ስለ ነበር ዩኒቨርሲቲው በጥርጣሬ ዐይን ይታይ ነበር። በወጣትነታቸው ጥለውት የወጡትን ቤት በተጨነቀበት ሰዓት ተመልሰው እስከ 1956 ዓ.ም. ጠበቁት።

ከዚያ በኋላ ሹመት ተከታተለላቸው። ከ1957 እስከ 1962 ዓ.ም. የቢሃር ገዥ፣ ቀጥሎም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. የሕንድ ሪፑብሊክ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከእስልምና ተከታዮች ለዚህ ማዕረግ የበቁ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። በሜይ 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በሥራ ላይ እንዳሉ ዐረፉ። የተቀበሩትም በሚወዱት በጃሚያ ግቢ ውስጥ ነው። ያ ሊዘጋ የነበረ ተማሪ ቤት በ1988 ዓ.ም. በሕንድ ፓርላማ ሕግ የማዕከላዊ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የኚህን ሰው ሕይወት ስትመዝን ርእሰ ብሔር የሆኑባቸውን ሁለት ዓመታት ብቻ አትቍጠር። ደመወዝ በሌለበት ወር ክፍላቸው ገብተው ያስተማሩባቸውን ዓመታት ቍጠር። የመምህር ሥራ በአንድ ቀን የሚነድደውን እሳት ለማጥፋት አይደርስ ይሆናል፤ ከእሳቱ በኋላ አገር የሚሠራው ግን በእርሱ ነው።